የጥሎሹ ሐብል ካራት

ልጄ የሚያገባት ልጅ ወላጆቿ ከቬትናም የመጡ ናቸው። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን ዴንቨር አጠገብ ካለችው ኮሜርስ ሲቲ ሥራውን ጨርሶ ወደ አፓርትመንቴ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ካላወለቀ ለመናገር የከበደው ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

“እማዬ፣ በነሱ ባህል ለሙሽራዋ ወርቁን የምታጠልቅላት የሙሽራው እናት ናት። ዘመድ ሁሉ ቆሞ እያየ።”

“ታዲያ ይሄ የኛም አይደል? ጥሎሽ ነው።”

“እሱስ ነው። ግን እነሱ ዘንድ ሃያ አራት ካራት ነው የሚሰጠው። ከዚያ የወረደውን እንደ ወርቅ አይቆጥሩትም።”

ይህን ሲል ዓይኑ አንገቴ ላይ ነበር። እኔም ሳላስበው ሐብሌን በጣቴ እያዞርኩ ነበር። አንድ ነገር ሳስብ እጄ ወደዚያ ይሄዳል።

ሐብሉን አባቱ በራሴ ጥሎሽ ያጠለቀልኝ ነው። አሥራ ስምንት ካራት እንደሆነ በዚያው ቀን ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ለመታጠብም ለመተኛትም አላወለቅኩትም። እዚህ አገር መጥቼ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ስሠራ ከዩኒፎርሜ ሥር ነበር። አንዴ አልጋዋን የማነጥፍላት አንዲት አሮጊት፣ ማንነቴ ተምታቶባት፣ በሁለት እጇ ይዛው ጎተተችው። አንገቴ ሰንበር አወጣ እንጂ ሐብሉ አልተበጠሰም። ልጄ ሲያገባ ለሚስቱ የምሰጠው ይህንኑ እንደሆነ ለራሴ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ። አባቱ አሁን የለም፤ በዚያ ቀን ከእሱ በኩል የሚቀርብ ሌላ ነገር የለኝም።

ስለዚህ የልጄ ንግግር አስጨነቀኝ። ሐብሌን ባቀርብ ሙሽራዋ በዘመዶቿ ፊት ታፍር ይሆናል። ባልሰጥ ደግሞ የአባቱ እጅ የሌለበት ሠርግ ሊሆን ነው።

“ኤክስቼንጅ እናድርገው” አለኝ። “ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለው የሐበሻ ወርቅ ቤት ይቀይርልናል።”

በማግስቱ ሄድን። ባለሱቁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሙስሊም፣ አባቱም አያቱም ወርቅ ሠሪዎች የነበሩ። ሐብሉን ተቀብሎኝ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጫር አደረገውና በመስመሩ ላይ አሲድ ጠብ አደረገበት። ጎንበስ ብሎ አየ።

“አሥራ ስምንት ነው እማማ። የድሮ ሰው ሥራ፣ ወላሂ ንጹሕ አሥራ ስምንት። ከአራት እጅ ሦስቱ ወርቅ፣ አንዱ መዳብና ብር። ቀላ ያለው በመዳቡ ነው።”

“ቬትናሞች እንዲህ ያለውን አይወዱም አሉኝ።”

ሳቀ። “እዚህ መደርደሪያ ጋ ቆሜ የማላየው ሕዝብ የለም። ቬትናሙና ቻይናው ሃያ አራት ካልሆነ እጁን አይዘረጋም። ሕንዱ ሃያ ሁለት ይላል፤ ጌጥ ሲሠራበት ትንሽ ጠንከር እንዲልለት። ዐረቡ ሃያ አንድ። ኮሪያኖቹ ደግሞ ልጅ ዓመት ሲሞላው ንጹሕ የወርቅ ቀለበት ይሰጡታል፤ ጣቱ ላይ ለመዋል አይደለም፣ ሊቀመጥለት ነው።”

“አሜሪካኑስ?” አለ ልጄ።

“አሜሪካን አሥራ አራት ከሰጠኸው አቅፎ ይስምሃል።”

ከመስታወቱ ሥር አንድ ሃያ አራት ካራት ሐብል አውጥቶ አሳየኝ። ከኔው ይቀጥናል፤ ቢጫነቱ ግን ዓይን ይወጋል። በእጄ ስይዘው ለስላሳ ነው፤ ጥፍሬን ብጫነው ምልክት የሚተው መሰለኝ።

“ይህን አጥልቄ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍ እችል ነበር?” አልኩት።

“እንዴት ብለው እማማ! በሁለተኛው ቀን ይጣመም ነበር።”

የራሴን መልስልኝ አልኩት። ልጄም ቀድሞኝ ወደ መኪናው ሄደ። ቀበቶውን ካሰረ በኋላ “እሺ፤ ግን ማንም ስለ ካራቱ እንዳያነሳ” አለኝ። እኔም የሚያነሳ አይኖርም ብዬ ተስማማሁ። ወንድሜን ረስተነው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ዴንቨር ውስጥ ሾፌር ነው፤ በየሐበሻው ሠርግ ጥሎሽ የሚያቀርብ ግን እሱ ነው። ድምፅ አለው፣ ለዛ አለው። ዕቃውን አንድ በአንድ ከፍ እያደረገ ለሙሽራዋ ዘመዶች ያሳያል። ሲያሳይም ማስጌጥ ልማዱ ነው፤ ከዚሁ ከሞል የተገዛውን ቀሚስ “ከፓሪስ!” ይላል፣ ጫማውን “ከሚላኖ!” ይላል። የሙሽራዋ ሚዜዎች “አልደመቀም! ይጨመር!” እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱም ይጨምራል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይስቃል፣ እልል ይባላል። በኛ ዘንድ ይህን ውሸት የሚለው የለም።

የሙሽራዋ ወላጆች ቤት ሊትልተን ነው። ስጦታውን በቀይ ጨርቅ በተሸፈኑ ትሪዎች ይዘን ተሰልፈን ገባን፤ እንደዚያ ነው የሚገባው ብላ ሙሽራዋ አስቀድማ አስረድታናለች። ወንድሜ ሰልፉን አይቶ “እትዬ፣ እነዚህ ሰዎች ጥሎሹን ከማን ወሰዱት?” ብሎ በጆሮዬ አሳቀኝ። የሟች አያቶቻቸው ፎቶግራፍ ፊት ሻማ በርቷል፤ ፍራፍሬ ተደርድሯል። የሙሽራዋ እናት ትንሽ፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት፤ ምዕራብ ዴንቨር በሚገኝ ዳቦ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሊጥ ስታቦካ የኖረች። ከዚያ በፊት የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም።

የሐብሉ ተራ ደረሰ። ከሳጥኑ ላወጣው ስል ወንድሜ ቀደመኝና ከፍ አድርጎ ያዘው።

“የሙሽራው አባት ሐብል! ንጹሕ፣ ሃያ አራት ካራት!” አለ። እነሱም እንዲሰሙለት በእንግሊዝኛ ደገመው፤ “ትዌንቲ ፎር ካራት!”

ከኛ በኩል እልልታው ቀለጠ። ከእነሱ በኩል ጭብጨባ ሆነ። ልጄ ወለል ወለሉን አየ።

የሙሽራዋ እናት እጇን ዘረጋች። ወንድሜ በኩራት አስቀመጠላት። መዳፏ ላይ ሆኖ አየችው፣ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አደረገችው። ወርቅ የምታውቅ ሴት መሆኗን ከአያያዟ ተረዳሁ። ከዚያ ፈገግ ብላ በሁለት እጇ መልሳ ሰጠችኝ።

ያ ፈገግታ ነው የከበደኝ። አውቃለች፤ ልታሳፍረን ግን አልፈለገችም። እኔም ዝም ብል ቀኑ በሰላም ያልፍ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ፊት ለፊት ስንቀመጥ፣ እሷ እኔን እንደ አታላይ፣ እኔ እሷን እንደምታውቅብኝ ሰው ልንተያይ ነው። ወደፊት የልጅ ልጆች አብረን እናሳድጋለን። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ሆኖም ባለችኝ እንግሊዝኛ “ይቅርታ። ኤይቲን ነው። ኤይቲን ካራት” አልኩ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

“እትዬ! ምን ነካሽ?” አለ ወንድሜ በአማርኛ። “የጥሎሽ ወግ እኮ ነው!”

“ለኛ ነው ወጉ። እነሱ የሰሙት ቁጥሩን ነው” አልኩት። ከዚያ ልጄን ተርጉምልኝ አልኩት። “አባትህ የሰጠኝ ነው በላቸው። አውልቄው አላውቅም። ሥራ ስሠራ የቻለኝ መዳብ ስላለበት ነው። ወንድሜ የሚያሳምር መስሎት ነው፤ በኛ አገር ልማድ ነው። ሙሽራዋ ካልወደደችው አልቀየምም።”

እሱ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ሙሽራዋ ለእናቷ በቋንቋቸው ነገረቻት። ሲነገራት እናትየው ሐብሉን እንጂ እኔን አላየችም። ጣቷን ልካ ከመቆለፊያው አጠገብ ያለችውን ትንሿን የሐብሉን ቀለበት ነካች። አንገት ላይ ከመዋል ብዛት ሳስታለች፤ እኔ ራሴ ልብ ብዬ አላየኋትም ነበር። ከዚያ ግራ እጇን ወደ ፊቴ ዘርግታ የጋብቻ ቀለበቷን አሳየችኝና “ፎርቲን” አለች፤ አሥራ አራት።

የሙሽራዋ አባት ከት ብሎ ሳቀ። አንድ ነገር ተናገረ፤ እሷም በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

“እውነተኛው የሠርጓ ቀለበት ሃያ አራት ነበር” አለች ሙሽራዋ እየሳቀች። “ሊጥ ስታቦካ ተጣመመ። አባዬ ‘በፕላስ ነው ያወለቅኩላት’ እያለ ነው። ይህን እዚሁ ዴንቨር ነው የገዛላት። ያኛው ሳጥን ውስጥ ነው።”

ወንድሜ ልጄን “ምን አሉ?” አለው። ሲነገረው “እንኳን ሃያ አራት አልሆነ!” ብሎ ጮኸና እልልታው እንደገና ተነሳ።

ሐብሉን ለሙሽራዋ አጠለቅኩላት። እናቷም ራሷ ያዘጋጀችላትን ንጹሕ የሃያ አራት ካራት ሐብል፣ ያን ዓይን የሚወጋ ቢጫ፣ ከላይ አደረገችላት። ሁለቱ ቀለማቸው አይገጥምም። ቀላ ያለውን ከቢጫው ለይቶ ለማየት ወርቅ ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

ምግብ ሲቀርብ የሙሽራዋ እናት አጠገቤ ተቀመጠች። ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ የራሷን ነገር ነገረችኝ። ከአገራቸው ሲወጡ እናቷ ወርቅ በልብሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍታ ነበር። በደረሱበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያወጣች ሸጠችው። ንጹሕ ስለሆነ ገዢው አይቶ ይወስዳል፤ ማንም ከምን የተሠራ ነው ብሎ አይከራከራትም። ቅይጥ ቢሆን ኖሮ በየቦታው ያታልሏት ነበር። እኔም አሰብኩ፤ የእነሱ ወርቅ በክፉ ቀን ለመሸጥ የተዘጋጀ ነው። የኔ ለመሸጥ ታስቦ አያውቅም። የልብስ ጠርዝ ውስጥ ወርቅ መስፋት ቢደርስብኝ ግን እኔም ሃያ አራቱን እመርጥ ነበር። ሳህኗ ላይ ዶሮ ጨመርኩላት።

ምራቴ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ንጹሑ ወርቅ በማግስቱ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። የኔን አላወለቀችውም፤ እሁድ ምሳ ሲመጡ ከአንገትጌዋ ሥር አየዋለሁ።

ባለፈው ወር ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለሱቁን አገኘሁት። መደርደሪያውን ትቶ እስከ በሩ መጣ።

“እማማ፣ ምራትዎ መጥታ ነበር። የሐብሉ ያቺ የሳሳች ቀለበት ተከፍታባት። ሐብሉን ባውቀውም፣ ለጨዋታ ስንት ካራት ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ብጠይቃት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‘አሥራ ስምንት’፤ በአማርኛ!”

“ማን አስተማራት?”

“ወንድምዎ ነው አለች።”

እጄ እንደ ልማዱ ወደ አንገቴ ሄደ። ባዶ ነበር፤ ነጠላዬን አስተካከልኩና መንገዴን ቀጠልኩ።