ያለንበት አይሰጥም

ባለፈው የገና ሰሞን ሽንኩርት እያቁላላሁ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ፣ ገንዘብ ሳያወጡ በዓልን ከቤተሰብ ጋር እንዴት ማሳለፍ እንደሚቻል ታስረዳለች። አብሮ መዘመር፣ ቤት ማሳመር፣ ጎረቤት መጠየቅ ትላለች። ዶሮ እንደ በሬ በሚሸጥበት ዘመን ይህን ምክር ማን ይጠላል? ቀጥላ ግን፣ «ከልጆችዎ ጋር እንቆቅልሽ ይጫወቱ፤ ምንም ወጪ የለውም» ስትል ማማሰያዬን አስቀምጬ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ልጆቼ ምን ሆንሽ አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ወጪ የለውም መባሉ ነው የከነከነኝ።

ያደግኩት ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። አባቴ የሰው መሬት አራሽ፣ ጢሰኛ ነበር። መሬቱም ግጦሹም ቤታችን የቆመበትም የባላባቱ ነው። እኔ ያኔ አሥር ዓመት ገደማ ይሆነኛል። ከእኔ በታች አንዲት እህት ነበረችኝ፤ የፊት ጥርሷ ገና መነቃነቅ የጀመረ፣ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን እያየች ቃል የምትለቅም ልጅ። እናቴ «ይቺ ልጅ ጠበቃ ነው የምትሆነው» ትላት ነበር። በመካከላችን የተወለዱት አልበረከቱም።

በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም እንደ ነገሩ አንጠባጥቦ ሄደ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ሆነ። ከብቶቹ አለቁ። በዚያ ዓመት የነቢያትን ጾም ሳይገባ ጾመን፣ ከገባም በኋላ ጾመን፣ የሚፈታበት ቀን ሲደርስ መፍቻው ጠፋን። በደጉ ጊዜ ገና የወንዶች ቀን ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና አባቴ በዓመት አንድ ቀን የባላባቱን ቅልጥም በገና ዱላ ካገኘ፣ ዓመቱን ሙሉ እሱን እያነሳ ሲስቅ ይኖር ነበር። ያን ዓመት ግን ባላባቱ ቀድመው ደሴ ገብተዋል። ሜዳው ላይ የሚሮጥ ጉልበት ያለውም አልነበረም።

እናቴ ግን በዓሉ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። ዋዜማውን ልብሳችንን በእንዶድ አጠበችው። ቤቱን ጠርጋ፣ ምንጩ ሥር የቀረችውን እርጥብ ሣር ስትለቃቅም ውላ መሬቱ ላይ ጎዘጎዘች። የጉዝጓዙ ነገር በሩ ላይ ጀምሮ መደቡ ጋ ሳይደርስ ያልቃል፤ እኔና እህቴ ሣሩ ያለበት ላይ ለመቀመጥ ተጋፋን። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልን።

አባቴ አንዲት ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ መካከል ያዛት። ገብሱ ከየት እንደመጣ ጠፍቶት አይደለም። ምሰሶው ላይ በቅል ተንጠልጥሎ የነበረው ዘር ነው፤ ቅሉ የለም። ዘሩን የቆላ ገበሬ ለመጪው ዓመት የሚዘራው የለውም፤ የሚጠብቀውም የለም። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራለች። አባቴ ፍሬዋን አፉ ውስጥ አስገብቶ፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ።

እንዲያ ተቀምጠን ሳለ ጎረቤታችን መጡ። ሙስሊም ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኛ በዓል የማይቀሩ፣ እኛም ከዒዳቸው የማንቀር ሴት። ባዶ እጅ ላለመግባት አንድ እቅፍ የማገዶ እንጨት ይዘዋል።

«እንኳን አደረሳችሁ» አሉ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ምን ላቅርብልዎ? ቤቱ እንደሚያዩት ባዶ ነው።»

«አብሽሪ» አሉ፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። «ያረቢ ያመጣል። ይልቅ ጨዋታ አምጡ።»

ጨዋታ ያለው እንቆቅልሽ ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ እንቆቅልሽ በቀን አይጫወቱም፤ ከብት ይጠፋል ይባላል። እናቴ ይህን ስታነሳ አባቴ ሳቀ። «የሚጠፋ ከብት ያለው ይፍራ!» አለ። ለብዙ ጊዜ ስቆ አላየሁትም ነበርና እኛም ሳቅን።

ሕጉን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ!» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ!» ብሎ ይቀበላል። መልሱን ካወቀ አወቀ። ካላወቀ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይለዋል፤ ያላወቀው አንድ ሀገር ይሰጣል። ሀገሩን የተቀበለ ጌታ ሆኖ ተኩራርቶ መልሱን ይናገራል። በእኛ ቤት ግን አባቴ የጨመራት ሕግ ነበረች፤ ያለንበት አይሰጥም። የትኛውንም ሀገር ብትሰጥ ይቻላል፣ የራሳችንን መንደር ግን በጨዋታም ቢሆን አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው።

ዙሩ ለእህቴ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ከእኔ የሰማችውን ነበር መልሳ የምትጠይቀኝ። ያን ቀን ግን ብድግ አለች።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!» አልናት ሁላችን።

«ባዶ ነው ይሉታል፣ እሱ ግን ሙሉ ነው።»

አባቴ «ጎተራ» አለ። ራሷን ነቀነቀች። እናቴ «ማድጋ» አለች። እኔ «ሆድ» አልኩ፤ ሆድ እንኳ ሙሉ አይደለም ብለው ሳቁብኝ። ጎረቤታችን «ሰማይ» አሉ። እሱም አልሆነም።

«ሀገር ስጡኝ» አለች እህቴ እጇን ዘርግታ።

«ደሴን ሰጠሁሽ» አላት አባቴ። «መኪና አለበት፣ ስኳር አለበት።»

«ደሴን አልፈልግም።»

«አጅባርን ከነገበያው።»

«አልፈልግም።»

ደጎሎን ከነስንዴው ሰጣት፣ ኩታበርንም ጨመረላት፤ እንቢ አለች። ጎረቤታችን «በይ መካን እኔ ልስጥሽ፣ ሐጃ ትሆኛለሽ» አሏት። እናቴ «ኢየሩሳሌምስ?» አለች። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርስ ተያይተው ከት ብለው ሳቁ። እህቴ ሣሩ ያላለበሰውን መሬት በእግሯ መታ መታ አደረገች።

«ይኸንን ነው የምፈልገው» አለች።

«ያለንበት አይሰጥም» አለ አባቴ።

«ለምን?»

«ለአንቺ ከሰጠንሽ እኛ የት እንቀመጣለን?»

«እኔ አስቀምጣችኋለሁ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ለካ ማታ እሱና እናቴ ወደ ደሴ ስለ መሰደድ ሲንሾካሾኩ እህቴ አልተኛችም ነበር። «ልጄ» አላት ቀስ ብሎ፣ «እኔ የምሰጠው የራሴ ቢሆን ነበር።» እሷ ይህ አልገባትም። «እንግዲያው አልነግራችሁም» ብላ እናቴ ጭን ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እንዳለችውም አልነገረችንም። እኔ ለብቻዋ ብለማመጣት፣ ጭራሽ ብቆነጥጣት፣ ወይ ፍንክች።

ጥምቀት ሲያልፍ ተነሳን። የበሩን አደራ ለጎረቤታችን ሰጠን። እሳቸው ደካማ ናቸው፣ «እኔ የት እደርሳለሁ፣ እዚሁ አላህ ያለኝን» ብለው ቀሩ። በአቀስታ በኩል በእግራችን ሄድን። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ መናገር አልወድም። ደሴ መግቢያ ላይ ከድንኳኖቹ አንዱ ውስጥ ቦታ አገኘን፤ ዱቄትም ይሰጡ ነበር። ከሞት ተረፍን ብለን ነበር። እህቴን ግን ትኩሳት ያዛት። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ተመልሶ አይነሳም።

አንድ ጠዋት አባቴ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ከናፍሯን በጨርቅ ያረጥባል። ድንገት ጎንበስ ብሎ፣ «እንቆቅልሽሽን አላወቅሁልሽም» አላት።

አይኗን ገለጥ አደረገች።

«ሀገራችንን ሰጠሁሽ» አለ አባቴ። «ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ እስከ ታች ወንዙ ድረስ። የምንጩን ሣር፣ ግጦሹን፣ የገና መጫወቻውን ሜዳ። ሁሉንም ሰጠሁሽ። በይ ንገሪኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔ አባቴ ሕጉን ማፍረሱ ገርሞኝ አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ እንዲያ ተለማምጦ የጠየቃት መልሱን ሳይሆን እሷን ነበር። እህቴ በጣም ቀስ ብላ፣ ደስ እንዳላት ከድምጿ እያስታወቀ፣ «ስንገባ እነግራችኋለሁ» አለች።

ፀሐዩ ሳይከር እህቴ አረፈች። እዚያው ደሴ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀበረች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ዘር ተሰጠንና ተመለስን። ጎረቤታችን በሕይወት ጠበቁን፤ ያ በራሱ ተአምር ነው። ስንቆጠር አንድ እንደጎደልን ሲያዩ እናቴን አንገቷን አቅፈው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሏታል። ቤታችንን ጠርገው ነው የቆዩን። አባቴ በሩን ከፈተው። እኔ ተከትዬው ገባሁ። እናቴ ግን የበሩ መድረክ ላይ ቆማ ቀረች። ባዶውን መደብ፣ ቅል የሌለበትን ምሰሶ፣ በሩ ሥር ደርቆ የቀረውን የገና ሣር አየች።

«አወቅሁልሽ» አለች።

ለማን እንደምትናገር አልገባኝም።

«ቤታችን ነው» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ የዚያን ቀን ባዶ ነው ያልኩት። እኔ ለእትዬ ባዶ ነው ስል ሰምታኝ ነው። አወቅሁልሽ፣ ልጄ፣ አወቅሁልሽ።» ከዚያ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቀን ማንም ከዚያ ሊያስነሳት አልቻለም።

እኔ ልጅ ነኝና፣ ያለቀሱትን ሁለቱን የማጽናናው በሕጉ መስሎኝ፣ «አባዬ፣ እማዬ ስላወቀች እኮ ሀገራችን ተመለሰልን» አልኩት። በሕጉ መልሱን ያወቀ ሀገር አይሰጥም። አባቴ ራሴን ዳሰሰኝና፣ «የተሰጠ አይመለስም» አለ።

በዚያው ክረምት ማለቂያ ንጉሡ ወረዱ። መንፈቅ ሳይሞላ አዋጅ ታወጀ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ፤ ሱሪያቸው እታች የሰፋ፣ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ የከተማ ተማሪዎች ገመድ ይዘው መንደራችን ድረስ መጡ። ባላባቱ ከሄዱበት አልተመለሱም። እርሻው በገመድ ተለክቶ ለየሰዉ ሲታደል ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ ፎከረ፤ ያን የገና ሜዳ ያን ቀን ብታዩት ገና ነው ትሉ ነበር። አባቴ ብቻ ድርሻው ጠርዝ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ጠጋ አለው። «አባባ፣ ምነው አልተደሰቱም? ከዛሬ ጀምሮ መሬቱ እኮ የእርስዎ ነው።»

«የእኔ አይደለም ልጄ» አለ አባቴ። «ሰጥቼዋለሁ።»

ተማሪው ደነገጠ። ባላባቱ አስፈራርተው ያስፈረሙት መስሎት ጓደኞቹን ሊጠራ ዞረ። «ለማን ነው የሰጡት? አይፍሩ፣ ይንገሩኝ!»

«ለልጄ።»

«እንዲያ ይበሉና!» ብሎ ሳቀ ተማሪው፣ ትንፋሹን መልሶ። ደግ ልጅ ነበር፤ ሊያስደስተው ፈልጎ አካባቢውን ቃኘ። እኔን አየኝና፣ «ይቺ ናት?» አለው።

«አይደለችም። ታናሿ ናት።»

«ታዲያ የት አለች? ትምጣና መሬቷን ትይ!»

አባቴ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ደሴ ናት» አለው።

ተማሪው፣ ትምህርት ቤት መስሎት መሰለኝ፣ «ጎበዝ!» ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ አባቴ አጠገብ ቆሜ ነበር። ደሴን አልፈልግም ብላው ነበር።