በፌስታል የታሰረ ድርሻ

ወደ ዓረብ አገር የወጣሁ ለት፣ መግሪብ ተሰግዶ የመርሳ ሱቆች መብራታቸውን ሲያበሩ፣ እማዬ ድፎውን ከሙዝ ቅጠሉ እየላጠች ነበር። የሚያሻግረኝ ደላላ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። እኔ የላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነበርኩ፤ ባልዲ፣ ጆግ፣ ፌስታል። ከጦርነቱ ከተረፈኝ ዕቃ ትልቁን ፌስታል መዝዤ «በዚህ እሰሪልኝ» ብላት ገላመጠችኝ።

«ትኩስ ዳቦ በላስቲክ? ያልበዋልኮ! ያላበው ደግሞ ይሻግታል። ለሰው ሽጠው እንጂ ቤቴ አታግባው።»

ደላላው ጥሩምባውን እየነፋ፣ እሷ እፍ እፍ እያለች አቀዘቀዘችው። ከዚያ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችልኝ፤ ግማሹን ሌማት ላይ አኖረችው። «ይሄ የመንገደኛው ድርሻ ነው» አለች። እኛ ዘንድ ምግብ ሲቀርብ ቤት ያልተገኘ ሰው ድርሻው ይቀመጥለታል። ሰውየው የሄደው ወልድያ ገበያ ከሆነ መልካም ልማድ ነው። ዓረብ አገር ከሆነ ግን ሰው ይጠብቃል እንጂ ዳቦ አይጠብቅም።

በሚሌ አድርገን ጅቡቲ፣ ከዚያ ጀልባ። በረሃው ዳቦዬን ድንጋይ አደረገው እንጂ አላበላሸውም፤ ያበላሸው ባሕሩ ነው። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሰንብቶ የመን ላይ ስንፈተሽ አረንጓዴ ለብሶ ተገኘ። ጠመንጃ ያነገተው ፈታሽ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው ጌታዬ።»

«ጢም አብቅሏል እኮ!»

«መንገዱ ረዝሞበት ነው። እኔስ መቼ ተላጨሁ?»

ከልቡ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ሰዓቴን ወስዶ ዳቦዬን መለሰልኝ።

ጅዳ እንደምንም ገባሁ። ሙቀትማ መርሳም አለ ትሉ ይሆናል፤ የዚህኛው ግን የረጠበ ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር እንደመቀመጥ ነው። ሳሙሊ የሚሉት ዳቦ አላቸው፤ ነጭ፣ ስትጨብጡት ጥጥ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚባል ያልደረሰበት። ጠዋት ገዝታችሁት በማግስቱ ነጥብ ነጥብ ያወጣል። አብሮኝ የሚኖረው የአገሬ ልጅ፣ የውርጌሳው ሰዒድ፣ ዳቦ ቤት ስለሚሠራ መላ አለው። በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ይቆራረጣል፣ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ፍሪዘር ይገባል፤ የሚበላው ብቻ ወጥቶ ይሞቃል። «ታች ፍሪጁ ውስጥ አታስቀምጠው፣ ያደርቀዋል» ይለኛል። ላስቲክ ስሸጥ ኖሬ አጠቃቀሙን የተማርኩት ጅዳ ነው።

አከራያችን አቡ ሳሊም አንድ ቀን ፍሪዘሩን ከፍቶ ጮኸ።

«ይሄ ሁሉ ዳቦ ምንድን ነው? ጦርነት ሊመጣ ነው?»

«እኛማ ከመጣው ሸሽተን ነው» አለው ሰዒድ።

«ፍሪጁ የናንተ ነው። ብርዱ ግን የኔ ነው!» አለና ብርዱንም ኪራይ ላይ ጨመረብን።

እማዬ በስልክ ሁልጊዜ የምትዘጋው «መቼ ነው የምትመጣ?» ብላ ነው። እኔም «ኢንሻአላህ» እላለሁ። እንዲህ ስንባባል፣ አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ታየች ደወሉልኝ።

«ሙሄ፣ እናትህን ሆዷን እያመማት ነው። እንዳትነግሪው ብላኛለች። በየጁምዓው ድፎ ትደፋና ያንተን ድርሻ በትኩሱ በፌስታል ታስረዋለች። ሲሻግት ፋቅ ፋቅ አድርጋ ራሷ ትበላዋለች። እኔን አልሰማ አለች።»

ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ዳቦ በላስቲክ አይታሰርም ያለው ማን ነበር?»

«ፌስታሉ ያንተ ዕቃ ነዋ። ትተኸው የሄድከው። እጅህ ነክቶታል» አለች።

«ሻጋታ ላዩን ብቻ አይደለምኮ፤ ሥሩ ውስጥ ይገባል። ቢፋቅም አይድንም። ሙሉውን ጣይው።»

«የልጄን ድርሻ? አላህ አይወድም!»

«እሺ፣ ቆራርሰሽ አድርቂው።»

«በክረምት? ፀሐዩን ከዚያ ላክልኛ!»

ፍሪዘር እንዳልላት የሠፈራችን መብራት እንደ ዓይን አፋር እንግዳ ነው፤ ብቅ ብሎ ይመለሳል።

ስንቱን ደንበኛ የማይፈልገውን ባልዲ አሸክሜ ሸኝቻለሁ። እናቴ ላይ ግን ምላሴ ሁሉ አለቀብኝ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፦

«እማዬ፣ ከሰው ሆድ የተሻለ የዳቦ ማስቀመጫ የለም። ድርሻዬን በትኩሱ ለእትዬ ታየች ልጆች ስጪልኝ። ሰደቃ ይሁንልኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በስልኩ ይሰማኛል።

«ሰደቃ ለሞተም ይሰጣል» አለች።

«ላለም ይሰጣል፣ እማዬ።»

«እሺ። እንዳልክ።»

በጁምዓው ራሷ ደወለች። ድምጿ ጠንከር ብሏል።

«ልጆቹ በሉት። ትንሿማ ቅጠሉን ሳይቀር ላሰችው።»

«ሆድሽስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል።»

«ለኔስ ምን ቀረልኝ?» አልኳት፣ ለቀልድ ብዬ።

«አታስቀምጪ ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አለች። «ፌስታልህን ግን አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። እሱ አይሻግትም።»

አሸነፍኩ እንግዲህ። እናቴ ዳነች፣ ልጆቹ ጠገቡ። «ኢንሻአላህ» ለማለት ተዘጋጅቼ የዘወትር ጥያቄዋን ጠበቅሁ። «በል ሰላም ዋል» ብላ ዘጋችው። መቼ እንደምመጣ አልጠየቀችኝም።