የሚስስ ኢዲት ስተርጅኖች

ባለፈው ቅዳሜ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ገብቼ የአበባ አፈር ስመርጥ፣ ከወደ ጓሮው የኩሬ ውሃና የእርጥብ ሣር ሽታ መጣና እግሬን ያዘው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ አፍንጫው የሾለ፣ ጀርባው ላይ አጥንት የተደረደረበት፣ ከአፉ ሥር ጢም ያንጠለጠለ ቀጭን ዓሣ ወለሉን እያሸተተ ይዞራል። ሻጩ ለአንድ ደንበኛ ስተርጅን ስለሚባለው ስለዚህ ዓሣ አያያዝ ሲያስረዳ ቆሜ ሰማሁት፤ አንድም የማላውቀው ነገር አልነገረውም።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ እንግሊዝ አገር፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሚስስ ኢዲት ከሚባሉ እንግሊዛዊት መበለት ቤት ፎቁን ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው የጓሮ ኩሬና ሦስት ስተርጅኖች ነበሩ። አባዬ ጢማቸውን አይቶ «ደጃዝማቾቹ» ይላቸዋል፤ እንደ ደጃዝማችም ወጋቸው ብዙ ነበር። ሌላው ዓሣ ላይ ላዩን የሚለቅመውን ምግብ ንቀው ወደ ታች የሚሰምጥ ይፈልጋሉ፣ ወደኋላ መዋኘት ስለማይሆንላቸው የውሃ አረም ውስጥ ከገቡ ተጠምደው ይቀራሉ፣ ሙቀት አይወዱም፤ ከሁሉ በላይ ውሃው ሌት ተቀን ካልተንቀሳቀሰ አየር ያጥራቸዋል። ለዚህ ሲባል በጋራ በምንጠቀምበት ኩሽና የተሰካ ፓምፕ ሳያርፍ ሲያጉረመርም ውሎ ያድራል።

አንድ ነሐሴ ሚስስ ኢዲት እህታቸው ዘንድ ሲሄዱ ዓሣዎቹን ለአባዬ አደራ ሰጡት። አባዬም የሰማይ የምድር አደራ አድርጎ ያዘው፤ ከሥራ በፊት እጅጌውን ሰብስቦ አረሙን ይለቅማል፣ ምግቡ ወለሉ ላይ መድረሱን ጎንበስ ብሎ ያያል። ችግሩ ሬዲዮው ነበር። ፓምፑ ሲሠራ የአማርኛው ዜና ይንጫጫል፤ ታናሽ ወንድሙ ተፈራ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ስለዚህ ዜናው እስኪያልቅ ሶኬቱን ይነቅልና እንዳለቀ መልሶ ይሰካዋል።

ሙቀቱ በሚያፍንበት በአንዱ ምሽት ሬዲዮው ተፈራ የሰፈረበት ከተማ መያዙንና ብዙ ወታደር ማለቁን ተናገረ። አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። እማዬ ስልክ ደወለች፤ ከሼፈርድስ ቡሽም ከሃክኒም ሰፈር ወዳጅ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፣ ማንም ሞቱን ሳያረጋግጥ ለቅሶው ደራ። ሶኬቱን ያስታወሰ አልነበረም። ሲነጋ ሦስቱም ደጃዝማቾች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው አገኘናቸው።

ሚስስ ኢዲት ሲመለሱ አባዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወንድሜ ሞቶብኝ ነው» አላቸው። እሳቸውም ዓሣዎቹን ትተው አባዬን አቅፈው አለቀሱ። ደጃዝማቾቹን ከጽጌረዳው ሥር አብረን ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው ለተፈራ ሻማ ያበሩ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ከሱዳን ስልክ ተደወለ። ተፈራ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ኖሯል። እማዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባዬ፣ «ቀስ በይ፣ ታች ይሰማሉ» አላት፤ እሷም ትራስ ላይ ተደፍታ እልልታዋን እዚያው ጨረሰችው። እኔም አፌን እንድይዝ ተነገረኝ። አባዬ ነገ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ግን ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ወንድሙ ካልሞተ የዓሣዎቹ ሞት ሰበብ ያጣል፣ በውሸት እንባ ያስለቀሳቸውም ይመስላቸዋል ብሎ ፈራ። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ እሱም መሬት መሬቱን ያያል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ተፈራ ሊጠይቀን መጣ። ሚስስ ኢዲት ደረጃው ላይ ሲገጥሙን አባዬን ላብ አጠመቀውና፣ «የአጎቴ ልጅ ነው» ብሎ አስተዋወቀው። እሳቸው የተፈራን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በአጎትህ ልጅ ሞት በጣም አዝኛለሁ» አሉት። «ዛሬም ሻማ አበራለታለሁ።»

ተፈራ የማን ሞት እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ደንቡ ነውና ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። አባዬ በዚያ ቀን እህል አልቀመሰም።

ሚስስ ኢዲት እውነቱን ሳያውቁ አረፉ። ቤቱ ተሸጧል፣ ኩሬው ተደፍኖ መኪና ይቆምበታል፣ አባዬም ዛሬ የለም። የዓሣዎቹን ነገር ሁሉም ይቅር ብሏል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ቤት አብረውን ያለቀሱ ብቸኛ ባዕድ እሳቸው ነበሩ፣ እልል ስንል ግን እንዳይሰሙን ትራስ ነከስን።