አይቼ ያለፍኩት መሰርሰሪያ

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር፣ የቡና ለቀማ በደራበት ወቅት ያደረግሁትን እስከ ዘንድሮ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሌላውን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ።

ያኔ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጥቤ፣ በእንፋሎት ቀቅዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ የማቀርብ ሠራተኛ ነበርኩ። ዕለቱ የማርያም ማኅበር ተራዬ የደረሰበት ዋዜማ ነው። የአጥንት መሰርሰሪያውን ሳጥብ ጎበጥ ማለቱን አየሁ። አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ለነርሷ ብነግራት ሌላ ተፈልጎ እስኪቀቀል ሥራው ይዘገያል፣ እኔም አመሻለሁ፤ ቤት ደግሞ ሊጡ ኩፍ ብሏል። ጠቅልዬ ሰጠሁ። እመቤታችን እንዲህ ያለ ዳቦ ጠይቃኝ ነበርን?

መሰርሰሪያው ጫልቱ በምትባል የያዮ ገጠር ልጅ ጭን ውስጥ ተሰበረ። ከሞተር ወድቃ የመጣች የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ወጣቱ ሐኪም ለአባቷ ለኦቦ ገመቹ አልሸሸገም። «ጫፉ አጥንቷ ውስጥ ቀርቷል። እሱን ፍለጋ ሌላ ጉዳት ከማደርስ ብተወው ይሻላል፤ አያስቸግራትም። አጥብቄ ተጭኜው ይሆናል» አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጨርቄን አንስቼ ወደ ማጠቢያዬ ተመለስኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጅቱ ዳነች። ተኝታ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ እየሄድኩ እጠይቃት ነበርና፣ አባቷ «ገለቶሚ፣ እትዬ አስካለ» ብሎ አመስግኖ የያዮ ማር አመጣልኝ። ተቀበልኩ። እኔ!

ዘንድሮ ጫልቱ ሴት ልጅ ወለደች። ለክርስትናው ጠርተውኝ በዋዜማው ከምኖርበት ከጎሬ ወደ ያዮ ሄድኩ። እንዴት ያለ ደስታ ነው! እናቲቱ ስትጨፍር ያ እግሯ መሬቱን ሲደበድበው አይቼ እልል አልኩ። ኦቦ ገመቹም፣ «ያ ሐኪም እጁ ምን ቢከብድ ነው ብረት የሰበረው? ሐኪም ከሚሆን እንጨት ቢፈልጥ ይሻለው ነበር!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐኪሙ እዚያ የለም፤ እውነቱን የማውቅለት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ሳቅሁ።

ጫልቱ እያለከለከች መጥታ አቀፈችኝ። «እትዬ፣ የልጄ ክርስትና እናት እርስዎ ነዎት። እምቢ ቢሉ አልሰማም!» አለች። ሁሉም እልል አሉ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ስንል፣ ጫልቱ ሕፃኗን ልታሳቅፈኝ ዘረጋችልኝ። ኦቦ ገመቹም አጠገቧ ነበር። እጆቼን ወደ ኋላዬ አደረግሁ።

«ሐኪሙ እጁ አልከበደም» አልኳቸው። «መሰርሰሪያው መጉበጡን አይቼ፣ ወደ ቤቴ ስለቸኮልኩ ነው የሰጠሁት። ይቅር በሉኝ። ጫልቱ፣ ልጅቷን ክርስትና የምታነሳ ሌላ ሴት ብትመርጪም አልቀየምሽም።»