ከዕረፍት በኋላ ያለው ግማሽ

ዓመቱ ሲገባደድ የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ሰዉ ዘንድሮ ምን ወደደ?» እሱ ቢሮው ተቀምጦ ስንት ትኬት እንደተሸጠ ያውቃል። ማን ምን እንደወደደ የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሲገባም ሲወጣም ፊቱን የማየው እኔ ነኛ። ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነው። ደንበኞቼ «ቆራጧ» ይሉኛል። ቆራጥ ግን አይደለሁም፤ ቆራጥ ብሆን ኖሮ ይህን በር ድሮ ትቼው ነበር።

ሰው አብዝቶ የጠራልኝን ፊልሞች በዓመቱ መጨረሻ ሳምንት ደግመን እናሳያለን። ዘንድሮም እንደልማዴ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ሰነበትኩ። የብዙውን መልስ ረስቼዋለሁ፤ የቁልፌ መልስ ግን ከሆዴ አልወጣ ብሏል። እሱን ለመናገር ከአምና መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

ቁልፌ የምንለው ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቁልፍ የሚቀርጸውን ሰውዬ ነው። ሱቁ ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ቤት ከእናቱና ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖር ነበር። እህቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። እሱ «እትዬ» ስለሚላት ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ ሳይቀሩ፣ እትዬ ይሏታል። ሁለቱም አላገቡም። እናታቸውን ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ብቻቸውን ጥሎ መውጣት የሚባል ነገር የለም፤ የሚያገላብጣቸው፣ ውሃ በማንኪያ የሚያጠጣቸው ሰው ከአጠገባቸው አይጠፋም።

ችግሩ እህትና ወንድም የፊልም በሽተኞች መሆናቸው ነው። ያስለመዷቸውም እኚሁ እናት ናቸው፤ በደጉ ጊዜ አንዱን በቀኝ አንዷን በግራ ይዘው እሑድ እሑድ እዚሁ ያመጧቸው ነበር። እና ምን ዘየዱ መሰላችሁ? እሑድ ከሰዓት አንድ ትኬት ይገዛሉ። እስከ ዕረፍት እትዬ ታያለች። ለዕረፍት መብራት ሲበራ እየሮጠች ትወጣለች፣ እሱ ሱቁን ዘግቶ በሬ ላይ ይጠብቃታል፣ የተቆረጠችውን ትኬት ተቀብሎ ይገባል። እናትየውን ማጠቢያውና ማብሊያው ሰዓት ከዕረፍት በኋላ ስለሚውል ሁለተኛው ግማሽ ለእሱ ደረሰው። ደንባችን «አንድ ትኬት ለአንድ ሰው» ይላል። እኔም አልጣስኩም፤ ግማሽና ግማሽ ሲደመር አንድ ነው።

እትዬ ስትወጣ በሬ ላይ ባንድ ትንፋሽ የምትለቀው ነገር ከፊልሙ ይልቅ ያስቀኝ ነበር። «ባልየው ጥሩ ሰው ነው። ያቺን ፀጉረ አጭሯን እንዳታምናት። ውሻው ሞቷል፣ እንዳትጠብቀው» ብላ አስፋልቱን ትሻገራለች። ማታ ደግሞ እሱ ከእናቱ አልጋ ጠርዝ ቁጭ ብሎ መጨረሻውን ለሁለቱም ይተርክላቸዋል። በማግስቱ እትዬ ክር ልትገዛ ስትወጣ እኔ ዘንድ ጎራ ብላ «መጨረሻው ደስ ሲል!» ትለኛለች።

ምን ደስ እንዳለ ግራ ይገባኛል። እኔ እንዳየሁት ቦክሰኛው ሪንጉ ውስጥ ወድቆ ቀርቷል፤ ለእትዬ ግን ቦክስ ትቶ ዳቦ ቤት ከፍቷል። በረሃ ላይ በውሃ ጥም ላለቁት ወታደሮች ለእትዬ ዝናብ ዘንቦላቸዋል። ቁልፌ ያየውን አልነበረም የሚነግራት። እኔም፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውም፣ ፈንዲሻ ሻጯም እናውቃለን፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ብቻ አታውቅም።

«ምነው ቁልፌ፣ ዳይሬክተር ሆንክ እንዴ?» ብዬ አንድ ቀን ነካካሁት።

«ቆራጧ፣ እሷ ከዚህ ወጥታ የምትገባው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለኝ። «በሽተኛ የተኛበት ቤት ሬሳ ይዤ ልግባ?»

አንጀቴን በላው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ተውኩት። ዓመቱ ሲያልቅ እትዬ የምትጠራልኝ ምርጥ ፊልሞች ግማሻቸው የእኛ፣ ግማሻቸው የወንድሟ እንደሆኑ ቀጠሉ።

አምና መጀመሪያ ላይ ሾፌሩ መጣ። የዳቦ ፋብሪካ መኪና የሚነዳ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቁጥብ ሰው ነው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ ገብቶ እትዬን ከመስፊያ መኪናዋ ጋር በበሩ ክፍተት አያት፤ ከዚያ በኋላ አንድ በር ላለው ቤቱ ስንት ቁልፍ እንዳስቀረጸ እሱ ነው የሚያውቀው። እትዬ ፀጉሯን መሠራት ጀመረች። እኔም «ቁልፍ ሞልቶ፣ በሩ መቼ ነው የሚከፈተው?» እያልኩ አቃጥላት ነበር። ፊቷ ቲማቲም ይመስላል።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተና ሾፌሩ ወደዚያ ተዛወረ። አብረን እንሂድ አላት። እናቷን ጥላ እንደማትሄድ ነገረችው። «እጠብቅሻለሁ። ብቻ ድምፅሽን አታጥፊብኝ» ብሎ ሄደ።

የዚያኑ ሰሞን ነው ያ የባቡር ጣቢያው ፊልም የመጣው። ጣቢያ ውስጥ ትኬት የምትሸጥ ሴት አለች፤ እንደኔ። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ይወዳታል፣ ሥራው ሲያልቅ አብረን እንሂድ ይላታል፣ እሷ ግን የታመመ አባት አለባት። እጠብቅሻለሁ ብሎ ባቡር ይሳፈራል። ባቡሩ ከዓይን ሲጠፋ ዕረፍት ይሆናል። እትዬ ስትወጣ እንደወትሮው አላወራችም። የወንድሟን እጅጌ ይዛ «ይጠብቃት እንደሆነ ደህና አድርገህ እይልኝ» ብቻ አለችው።

አየላት። ከአዳራሹ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በፊልሙ ሴትየዋ ምን ብላ እንደምትጽፍለት ጠፍቷት ዝም ትላለች። አባቷ ሲሞት ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ በር ታንኳኳለች፣ ሰውየው ልጅ ታቅፎ ይከፍትላታል። «ዝም ስትዪኝ ጊዜ መልሱ ገባኝ» ይላታል። በቃ፣ ያልቃል።

በማግስቱ እትዬ እየበረረች መጣች። «ጠበቃት አይደል! አንድ ቃል ሳትጽፍለት! ሻንጣውን ይዞ እዚያው ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ!» ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲያወራ ምን ይሉታል? ደስ ይላል አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ለሾፌሩ መደወል ተወች። ስልኩን ባነሳች ቁጥር «መቼ?» ነው የሚላት። «'እማዬ ስትሞት' ልበለው?» አለችኝ፤ «እናቴ እየሰማችኝ? ይልቅ ዝም ልበል። የሚጠብቅ ሰው ዝም ቢሉትም ይጠብቃል፣ አላየሽም?» ያየሁትንማ አይቻለሁ። እሱ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ኋላ እሱም ተወ።

ቅዝቃዜው ሲገባ እናትየው አረፉ። እትዬ ለቀብር የለበሰችውን ጥቁር ሳታወልቅ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እኔ ዘንድ መጣች። «ዘንድሮ የማስመርጥሽ አንድ ብቻ ነው። የጣቢያውን ፊልም አሳዩን። ሙሉውን ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብዬ ላየው ነው። አይቼ በማግስቱ እደውልለታለሁ።» ሌላውም ሰው ማልቀስ ይወዳል መሰለኝ ይህንኑ ፊልም ጠርቶልኝ ነበር፤ ተመረጠ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ ቀን ቁልፌ አስፋልቱን ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻግሮ መጣ። «በናትሽ ቆራጧ፣ ፊልሙ ተበላሽቷል በይልኝ።»

«ወንድሜ፣ እኔ ትኬት እንጂ ፊልም አልቆርጥም። ራስህ ንገራት።»

«ምን ብዬ?» እጁ ላይ ያለውን የብረት ብናኝ በሱሪው ጠረገ። «አዝኜላት ነው። እንዲያ ሆና ወጥታ አልጠበቃትም ልበላት? ደግሞ…» ድምፁ ወረደ። «ደግሞ ብትሄድስ? እማዬን ብቻዬን ምን አደርጋት ነበር? እኔስ ምን እሆን ነበር? እንዳዘንኩላት ነው የማውቀው። ግን ያኛውም ሐሳብ ነበረበት።»

ጠላሁት፣ አሳዘነኝም። ንገራት ብዬ ደገምኩለት። አልነገራትም።

እሑድ ከሰዓት ሁለት ትኬት ይዘው መጡ። ስንት ዘመን አንድ ስቆርጥላቸው ኖሬ ሁለት ቆረጥኩ። ለዕረፍት መብራት ሲበራ እትዬ ብድግ አለች፤ ልማድ ነው። ጥቂት ቆማ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ «ለካ የሚጠብቀን የለም» ብላ ፈገግ አለችና ተቀመጠች። እሱ «ደክሞኛል፣ እንሂድ» አላት። «ዛሬማ ሞቼ ነው!» አለችው።

ሁለተኛውን ግማሽ መጋረጃው አጠገብ ቆሜ አየሁ፤ ፊልሙን ሳይሆን እሷን። ሴትየዋ በሩን ስታንኳኳ እትዬ ወደ ፊት ጠጋ አለች። በሩ ተከፈተ። ሰውየው የሚለውን አለ። መብራት በርቶ ሰው ሁሉ ሲወጣ እነሱ ከወንበራቸው አልተነሱም። ጠጋ አልኩ።

«ወንድምዓለም፣ ይኸ ነው መጨረሻው?» አለችው። እሱ ጫማውን ያያል። ወደ እኔ ዞረች። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቀው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አለቀሰች ብል ደስ ባለኝ። ነገን አልጠበቀችም፤ ፈንዲሻ መሸጫው አጠገብ ቆማ ደወለች። የእሷን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። «እኔ ነኝ… አዎ፣ እማዬ አረፈች… እንዴ! መቼ?… እንኳን ደስ ያለህ። የእውነቴን ነው። ደህና ሁን።» ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ ዚፑን ዘጋችና «ባለፈው ወር አገባ» አለችኝ። «'ስልኬን ሳታነሺ ስትቀሪ መልስሽ ገባኝ' አለኝ።»

ቁልፌን ትሰድበዋለች፣ ትመታዋለች ብዬ ነበር። ቀና ብላ አየችውና «ያንተው ይሻል ነበር» አለችው። አስፋልቱን ቀድማው ተሻገረች።

በአዲሱ ዓመት ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ፤ አንድ ትኬት ይዘው። ቤታቸው ውስጥ የሚጠበቅ በሽተኛ የለም። «ከእንግዲህ መጨረሻውን የማየው እኔ ነኝ» አለችኝ እትዬ። «እሱ መጀመሪያውን ይይ። እኔ እነግረዋለሁ።»

እንዲሁ ቀጠለ። ለዕረፍት ሲወጣ እሱም በተራው በሬ ላይ ባንድ ትንፋሽ ሊነግራት ይሞክራል፤ «አጎትየው ነው ደጉ፣ ልጅቷ ደግሞ…» እያለ ሳይጨርስ ትኬቱን ከእጁ ወስዳ ትገባለች። እሱ ወደ ሱቁ ይመለሳል። በመሀል አንድ ሰሞን ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ የሳቀበት ፊልም አሳየን፤ ልጅቷ የልቧ ደርሶላት በራሷ ሠርግ ላይ ስትጨፍር ነው የሚያልቀው። በማግስቱ የሳጥኔን ቁልፍ ላስቀርጽ ሱቁ ሄድኩ።

«የዚያች ልጅ አሟሟት አያሳዝንም?» አለኝ።

«የየቷ ልጅ?»

«የትናንቷ ነዋ። ለሠርጓ ስትሄድ መኪናው ሲገለበጥ።»

እሱ ቁልፉን እያሞረደ ነው፤ ቀና አላለም። «ቁልፌ» አልኩት፣ «ወንበር ሞልቶ! ና ዝም ብዬ አስገባሃለሁ፣ አንተም ሙሉውን እይ።»

«አይ» አለ። «ትነግረኛለች።»

እና ዘንድሮ ዓመቱ ሲያልቅ እንደልማዴ ቤቷ ሄጄ እትዬን ጠየቅኳት። አላመነታችም፤ አንደኛ ያንን የሠርጉን ፊልም ጠራች። ቀጥላም ልጁን ያገኘውን አባት፣ ከእስር የተፈታውን አናጢ። «አጨራረሳቸው ደስ ይላል» አለችኝ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ ሱቅ ወጣሁ። «ቁልፌ፣ አንተስ ዘንድሮ የትኛውን ወደድክ?»

ቁልፉን ከማሽኑ አውጥቶ ብናኙን እፍ አለበት።

«አንዱንም» አለኝ። «አጀማመራቸው ሁሉ ጥሩ ነበር እኮ፣ ቆራጧ። ግን ምን ዓይነት ዓመት ነው? አንድ እንኳ የሚተርፍ ሰው ይጥፋ?»