በዝምታ የጠራሁት ስም

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በጸሎት ጊዜ እንኳ፣ ብቻዬን ተንበርክኬ፣ በቃል አውጥቼ አላልኩትም። የተጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ታይላንድ ውስጥ ባለች አንዲት የባሕር ዳር ከተማ፣ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ሲል። እኔ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ጓደኛዬ ፌቨን ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ፣ ግራና ቀኝ እያየች ስትወጣ አየኋት። «ማሳጅ ቤት ደርሼ ልምጣ፣ አንቺ ተኚ» ብላኝ ነበር። ማሳጅ ቤቱ በስተቀኝ ነው። እሷ ወደ ግራ ታጠፈች።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነፍስ አባት የሚባል የለም። ሰው ኃጢአቱን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናገራል ተብለን ነው ያደግነው። እኔ ግን ለእግዚአብሔር መናገር ቀሎኝ አያውቅም፤ ያውቀዋላ። የማያውቅ ሰው ፈለግሁ። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ።

ፌቨን ነርስ ናት፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከእናቷ ጋር አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። እኔ እዚያው አቅራቢያ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የተዋወቅነው መዘምራን ውስጥ ነው፤ እሷ መሪ ድምፅ፣ እኔ ከኋላ ረድፍ፣ ድምፄ ባይሰማ ማንም የማይፈልገኝ። ዮናታን የሚባል ልጅ ቀለበት ካደረገላት በኋላ አንድ ቀን «ከሰርጉ በፊት አንድ ቦታ እንሂድ፣ እኔና አንቺ ብቻ» አለችኝ።

«የት?»

«ታይላንድ።»

«አሁን? ክረምት አይደል እንዴ እዚያ?»

«ክረምት ነዋ የሚረክሰው። ደግሞ አንቺ ፀሐይ አትወጂ፣ ባሕር አትገቢ፣ ምን ጎደለብሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ጓደኛዋ መካከል እኔን መምረጧ ደስ አለኝ። ጥርጣሬው የገባኝ እዚያው ደስታ ውስጥ ነው፤ ለምን እኔን?

ሥራዬን ልንገራችሁ። አርሊንግተን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኢንሹራንስ ክሌም እመረምራለሁ። ሰው መኪናዬ ተገጨ ብሎ ሲያመለክት ቃሉንና ፎቶውን አስተያይቼ የማይገጥመውን እለያለሁ። ጎበዝ ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ በጓደኛዬ ላይ የሠራሁት ያንኑ ሥራ ስለሆነ ነው።

የማይገጥመው ብዙ ነበር። ሻንጣዋን ስትከፍት አዲስ የወንድ ስኒከር አየሁ። «የዮኒ ነው?» አልኳት። «አዎ» አለች። ሜሪላንድ ላለ ሰው ጫማ ተሸክሞ ታይላንድ የሚሄድ ማነው? በደረስን ማግሥት ቀለበቷን አውልቃ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ አኖረችው። «ሙቀቱ ጣቴን አሳበጠው» አለች። የኔ ጣት ለምን አላበጠም? ከተማዋስ? ሌላው ሰው የሚሄድባቸው ደሴቶች ሞልተው ሳለ ይህችን ለምን? ባሕሩ ድፍርስ ነው፤ ዳር ዳሩን ቀይ ባንዲራ ተተክሎበታል፣ መግባት ክልክል ነው። የአሸዋው ወንበሮች ተደራርበው በገመድ ታስረዋል። ውሾች ብቻ የሱቅ በር ላይ ተኝተዋል። ለመዝናናት የሚመጣበት ቦታ አልነበረም።

ዓርብም በዚያው ሰዓት ወጣች። ተከተልኳት። እኔ ነኝ የተከተልኳት፤ ማንም አልላከኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ከሱቅ የገዛሁትን ሰማያዊ የዝናብ ላስቲክ ለብሼ፣ ቆቡን እስከ ዓይኔ አውርጄ፣ እንደ ሌባ ሄድኩ።

ከከተማዋ ዳር የተዘጋ ዓሣ ቤት አለ። በረንዳው በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም። እዚያ ሥር አንድ የአበሻ ወጣት ተቀምጧል። ራሱን ተላጭቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። ፌቨን እግሩ ሥር ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ታስርለታለች። ያ ስኒከር። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እሱም ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ እሷ በሻርፗ ፊቱን ጠረገችለት።

አየሁና ተመለስኩ። ማየት እንጂ መመልከት አልነበረም። ያንን ፊት እኮ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልለየሁትም። አሌክሳንድሪያ እናቷ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ በምረቃ ልብስ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እናቷ «ይሄ ናቲዬ ነው፣ ባንኮክ በኮምፒውተር ሥራ ገባልኝ» እያሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ቆመው ጌታን አመስግነው ነበር። ናቲ ባንኮክ መሆኑን እያወቅሁ፣ ታይላንድ ውስጥ ቆሜ፣ አንድ የአበሻ ልጅ አይቼ፣ ወንድሟ ሊሆን ይችላል ብዬ ለምን አላሰብኩም? ሰው የፈለገውን ያያል ይባላል። እኔ ምን ፈልጌ ነበር?

ማታ ኑድል ስንበላ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ሳሙና ገባብኝ።»

«እሺ» አልኩ።

ያ «እሺ» የኔ ነው። አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ትናገር ነበር ብዬ ዛሬ አምናለሁ። ግን አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም በልቤ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ለዮናታን አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ዮናታንን ሰላም ከማለት በቀር አላውቀውም። የቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ለምን እኔን እንደመረጠች ገባኝ አልኩ፦ ዝም ስለምል። የማትናገረዋን ልጅ ሽፋን አድርጋ ይዛኝ መጣች አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ሲያመሰግን ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ዝምታዬ እንደ ዕቃ የተወሰደብኝ መሰለኝ።

የእኛ እህቶች በየማለዳው፣ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት፣ በስልክ አብረው ይጸልያሉ። አንዷ ከመኪና፣ አንዷ ከወጥ ቤት፣ አንዷ ከአዳር ሥራ ስትመለስ ትደውላለች። መሪያችን እህት ዘነበች ናቸው፤ እናቴ የሚሆኑ ሴት። መጀመሪያ «ሚዩት አድርጉ እባካችሁ፣ የማን ውሃ ነው የሚንሿሿው?» ይላሉ። ከዚያ የጸሎት ርዕስ ይጠይቃሉ። መናገር የፈለገ ስልኩ ላይ ኮከቧንና ስድስት ቁጥርን፣ ስታር ሲክስ የሚሉትን፣ ተጭኖ ድምፁን ይከፍታል። እኔ ተጭኜ አላውቅም ነበር።

ከታይላንድ በተመለስን ሰሞን ማክሰኞ ማለዳ ተጫንኩ።

ፌቨን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደሆነች አውቃለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የእሷና የዮናታን ስም በጉባኤ ፊት ሊነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ከሰርግ በፊት ስም ይነገርና ተቃውሞ ያለው ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንዲያመለክት ይጠየቃል። ይህንንም አውቃለሁ። ሁሉንም አውቄ ነው ያልኩት፦ «ሰርጓ ለቀረበ አንዲት እህት እንድትጸልዩ። በሩቅ አገር ልቧ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል። ጌታ እንዲመልሳት።» ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሜን ተባለ። ስም አልጠራሁም፤ ይህ ኩራቴ ነበር። ሐሜት አይደለም፣ የጸሎት ርዕስ ነው አልኩ ለራሴ።

ገና ጫማዬን ሳላደርግ እህት ዘነበች ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያቺ እህት ማን ናት? ለማናውቃት እንዴት እንማልዳለን?»

«መናገር አልችልም፣ እህት ዘነበች።»

«አትናገሪ፤ ደግ ነው። እኔ ልጠይቅሽ። አብራሽ የሄደችው ልጅ ናት?» ትንሽ ጠበቁ። «ካልሆነች አይደለችም በይኝ። ከሆነች ዝም በይ።»

ዝም አልኩ።

ከዚህ ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። ዝም ብቻ አልኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ በደል አንድም ቃል የለበትም። «አይደለችም» የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ነበረች፤ አላወጣኋትም። እሳቸው «ይገባኛል ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ» ብለው ዘጉ። ተባረክሁ ማለት ነው።

እሑድ ዕለት የሌሎች ጥንዶች ስም ተነገረ። የፌቨንና የዮናታን ስም አልተነሳም። ዮናታን ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ሰው ሲንሾካሾክ ሰማሁ፤ እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሁሉን እጠረጥራለሁ። ሰላም ያለኝ ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ሰላም ያላለኝ ደግሞ የበለጠ የሚያውቅ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፌቨን ከሥራ ወጥታ እኔ አፓርታማ ፓርኪንግ ድረስ መጣች። አልወጣም አለች፤ ማሚ ብቻዋን ናት። መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። የነርስ ልብሷን አልቀየረችም።

«ሽማግሌዎቹ ቤት መጡ» አለች። «ማሚ ሻይ ታቀርባለች፣ ስለ ሰርጉ ሊመካከሩ የመጡ መስሏት። ዮኒ ምንጣፉን ያያል። ‘ልጄ፣ ታይላንድ ከማን ጋር ነበርሽ?’ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ከወንድሜ ጋር አልኩ። ማሚ ሳቀች። ‘ናቲ ባንኮክ ሥራ ላይ ነው፣ አንቺ የት አገኘሽው?’ አለች። በነሱ ፊት ነገርኳት፣ ሊዱ። በሽማግሌዎች ፊት።»

ናቲን የኮምፒውተር ሥራ ብለው የወሰዱት ሰዎች ድንበር አሻግረው ግንብ ውስጥ ዘግተውበት ነበር። በሴት ስም እየጻፈ፣ ብቸኛ ሰዎችን በፍቅር እያታለለ ገንዘብ እንዲያስልክ ያስገድዱታል፤ ካላመጣ ይደበድቡታል። አምልጦ ከወጣ በኋላ አንድ የታይላንድ ፓስተርና ሚስታቸው ወደ አገር መመለሻ ወረቀቱ እስኪያልቅ በዚያች የባሕር ዳር ከተማ አስጠጉት። ለፌቨን ብቻ ደወለ። አገሩ እስኪገባ ለማንም እንዳትናገር አስማላት፤ ለእናቱም፣ ለዮኒም።

«ማልኩለት» አለች። «አሁን ወሬው አዲስ አበባ ገብቷል። ጓደኞቹ ‘ሰው ስታጭበረብር ነበር አሉ’ ብለው ጻፉለት። ካስጠጉት ቤት ወጥቶ ሄዷል። ስልኩ ዝግ ነው።»

«ዮኒስ?»

«ይቅርታ አለኝ። ቀለበቱን መለስኩለት። አንድ ጊዜ ደውሎ ‘ማነው?’ ቢለኝ ምን ነበረበት?»

ዝናብ መስኮቱ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጠየቀችኝ።

«ሊዱ፣ አንቺ አይተሽን ነበር?»

«አይ» አልኳት። «ተኝቼ ነበር።»

በዚህ ጊዜ ቃሉ ወዲያው ወጣ። ለእሷ ማዳኛ የከበደኝ ቃል ለእኔ ማምለጫ እንዴት ቀለለኝ?

«አውቃለሁ» አለች። «እነሱ አንቺን ጠረጠሩ። ሊዱ ከዓይኗ ያየችውን ከአፏ አታወጣም አልኳቸው። ስለዚህ እኮ ነው ካንቺ ጋር የሄድኩት። ብትደርሺብኝ እንኳ ምስጢሬ ካንቺ አይወጣም ብዬ።» እጄን ያዘች። «ነገ ጠዋት የጸሎቱ መስመር ላይ እገባለሁ። ጸልዪልኝ።»

ናቲ በኋላ አገሩ ገብቷል፤ ግን መሐላዬን አፈረስሽ ብሎ የእህቱን ስልክ አያነሳም። መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ዓይናፋር ነበርኩ፣ ተሳስቼ ነው አልልም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳት ደግሞ አሁንም የምታምነው አንድ ሰው እኔ ነኝ። ወይም የምታምነኝ ትመስለኛለች። ይህንንም እጠረጥራለሁ።

መኪናዋ ውስጥ ካወራን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጸሎቱ መስመር ደወልኩ። እህት ዘነበች ርዕሶቹን ከጨረሱ በኋላ «እህት ሊዲያ፣ ዛሬ አንቺ ጸልየሽ ዝጊልን። ስታር ሲክስ ተጫኚ ልጄ» አሉ። ሆን ብለው ይሆን? ተጫንኩ። «አባት ሆይ» አልኩ፣ «በእህታችን ፌቨን ላይ ክፉ የተናገረውን አፍ አንተ ታውቀዋለህ። ይቅር በለው።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምሬ ጸልዬ አላውቅም። አሜን፣ አሜን እያሉ ድምፆች ተከታተሉ፤ ከሁሉም በኋላ፣ ዘግየት ብሎ፣ የፌቨን «አሜን» መጣ። ድምፄን ለመዝጋት መልሼ ስታር ሲክስ ተጫንኩ። ፊቴን ታጥቤ፣ ሜትሮ ይዤ ሥራ ገባሁ፤ የአንድ ሰው የተገጨ መኪና ፎቶ ከፍቼ ቃሉ ይገጥም እንደሆነ ማየት ጀመርኩ።