ከዱቄቱ ጋር የመጣው ወረቀት

በ2014 ዓ.ም. በበጋው፣ ጦርነቱ ከመርሳ በራቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት አይሱዙ ዱቄት ወደ ቀበሌያችን ገባ። ያመጣው የአገራችን ተወላጅ የሆነ ትልቅ ባለሀብት ነው። ማሽላችን ተዘርፎ ልጆቼ በቀን አንዴ ነበር የሚበሉት። አልሐምዱሊላህ አልሁ።

በጭንቁ ጊዜ ያላየነው የቀበሌ ሊቀመንበር ያን ዕለት የባለሀብቱን መኪና በር ሲከፍት አየሁት። መንገዱ ለእህል ነጋዴ ገና ዝግ ነበር፤ የእርሱን መኪኖች ግን አንድም ኬላ አላስቆማቸውም አሉ። ነገሩን በልቤ ያዝሁት።

በእኛ ዘንድ ስጦታ የሚቀበሉት በዱአ ነው። ቀብራችንንና ችግራችንን በጋራ የምንወጣበት ቅሬ ዳኛ፣ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ ረጅም ዱአ አደረጉ። እኛም አሚን አልን። ዱቄቱን ከተረከብን በኋላ ከመኪኖቹ ጋር የመጣ አንድ ሰው ወረቀትና ቀለም ይዞ ቀረበ።

"ለመቀበላችሁ ጣት አኑሩ።"

መጀመሪያ ያኖሩት ዳኛው ናቸው። ከፊቴ የቆመችው ጎረቤቴ፣ "እንኳን ጣቴን ክንዴን ልንከርላቸው" ብላ ሳቀች።

እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን አነበብሁት። ስለ ዱቄት አንድም ቃል የለበትም። ሽንኩርታችንን የምናጠጣበት ምንጭ ከነዙሪያው መሬት ለባለሀብቱ እንዲሰጥ ነዋሪው ተስማምቷል ይላል።

"ይህ ምንጩን የሚሰጥ ነው" አልሁት።

"ዱቄቱን ስትሸከሚ ማንበብ አላማረሽም ነበር" አለኝ ሰውዬው። ሊቀመንበሩ ፊቱን አዞረ። ባለሀብቱ መኪናው ውስጥ ስልክ ያወራል፤ የወረቀቱን ነገር ያውቅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዳኛው ሰምተው ጠሩኝ። "ልጄ፣ ዱአ አድርገንለታል። ባበላን ሰው ላይ እንዴት ቃል እናጥፋለን?"

"አባባ፣ አንቱ ዱአ ያደረጉት ለዱቄቱ ነው። ለምንጩ ማን አሚን አለ?"

እኔም ሳልፈርም ዱቄቴን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሰው ውለታ ቢስ እንደሚለኝ አውቄያለሁ። ያለዚያ ውሃ ግን ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?

በማግስቱ ጠዋት ከዱቄቱ ቂጣ ጋግሬ ልጆቼን አበላሁ፤ ለሰጠን ሰውም ከልቤ ዱአ አደረግሁ። ስወጣ ዳኛው ምርኩዛቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። "ለምንጩስ አሚን አላልንም፤ ምሪኝ" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ፣ ጣት ያኖሩትን ጎረቤቶቼን በየቤታቸው እየጠራሁ፣ ጣታችን ለዱቄት እንጂ ለምንጩ አይደለም ብለን ለማስመዝገብ ወደ መርሳ፣ ወደ ወረዳው ቢሮ በእግር ሄድን።